ለባልና ሚስት አንድ ምሽት በራመን ቤት

ወላጆች፣ ሁለታችሁ ብቻ ተቀምጣችሁ የበላችሁት መቼ ነው? በውጭ አገር ኑሮ አንዱ ከሥራ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ወሬው ሁሉ ስለ ልጆችና ስለ ቤት ኪራይ ይሆናል። ሳይጣሉ መራራቅ የሚመጣው እንዲህ ነው።

በዘዳግም 24፥5 እግዚአብሔር አዲስ ያገባ ሰው አንድ ዓመት ከዘመቻ ቀርቶ ሚስቱን እንዲያስደስት አዟል። ዘመቻ እንኳ ለትዳር ጊዜ ከሰጠ፣ የእኛ ሥራ አንድ ምሽት እንዴት ይከለክለናል?

ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በአቅራቢያችሁ የጃፓን ራመን ቤት ካለ ሞክሩት። ራመን በትኩስ መረቅ የሚቀርብ የስንዴ ኑድል ነው። መነሻው ከቻይና ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1910 በቶኪዮ አሳኩሳ የተከፈተው ራይራይከን በጃፓን እንዲታወቅ ካደረጉት ቤቶች አንዱ ነው።

ኑድሉ መረቁ ውስጥ ከቆየ ልስልስ ብሎ ጣዕሙን ያጣል፤ ስለዚህ ስልካችሁን አስቀምጣችሁ ትኩሱን ብሉ። ቶንኮትሱ የሚባለው መረቅ ከአሳማ አጥንት ይሠራል፤ በላዩ የሚደረገው ሥጋም ብዙ ጊዜ የአሳማ ነው። የማትበሉ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ምግቡ ቶሎ ስለሚያልቅ የቀረውን ጊዜ በእግር እየሄዳችሁ ተጫወቱ።

ልጆቹንስ? ከቤተ ክርስቲያናችሁ ለምታምኗቸው ባልና ሚስት አደራ ስጡ፤ በሌላ ሳምንት ደግሞ የእነርሱን ልጆች እናንተ ጠብቁ። በዚያ ምሽት ስለ ኪራይ አታንሡ። «በዚህ ሳምንት ምን ከበደሽ? ምን ከበደህ?» ተባባሉ፤ ወደ ቤት ከመግባታችሁም በፊት አብራችሁ ጸልዩ።

እግዚአብሔር ትዳራችሁን ይባርክ!