የልጅ አስም ሲበረታ መድኃኒቱ ስንት ነው?

በሐራና በመርሳ ቆላ ማሽላ ተወቅቶ የገለባው ብናኝ አየሩን ሲሞላው፣ አስም ያለበት ልጅ ባለበት ቤት ሌሊቱ ይረዝማል። ውድ ወላጆች፣ ልጁ የጎድን አጥንቱ መሐል እየተሰረጎደ የሚተነፍስ፣ ከትንፋሹ ማጠር የተነሣ አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ የሚያቅተው ከሆነ ሕመሙ ከባድ ነው። ሲር ሲር ይል የነበረው ደረቱ ድንገት ዝም ቢል፣ ልጁም ቢዝል ተሻለው አትበሉ፤ አየር መግባቱን እያቆመ ነውና። ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ወልድያ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

መኪና እስኪገኝና በመንገድም ላይ ግን ሳልቡታሞል (ብዙዎች ቬንቶሊን የሚሉት የሚነፋው መድኃኒት) መሰጠት ይኖርበታል። ብዙ ቤተሰብ ከልብ ድካም ፈርቶ ሁለት ጊዜ ብቻ ነፍቶ ያቆማል። ይህ ለከባድ ሕመም አይበቃም። አንዱ ንፊት 100 ማይክሮግራም ሲሆን፣ 6 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ ከ4 እስከ 10፣ ለታናናሾቹ እስከ 6 ንፊት በየ20 ደቂቃው ለአንድ ሰዓት ይሰጣል። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይነፋም፤ አንዱ ተነፍቶ ልጁ አምስት ስድስት ጊዜ ከተነፈሰ በኋላ ዕቃው ተነቅንቆ ሌላው ይከተላል። የሳልቡታሞል ሽሮፕና ክኒን ለዚህ ሰዓት አይሆኑም፤ ይዘገያሉ።

በቀጥታ አፍ ውስጥ ሲነፋ አብዛኛው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ስፔሰር ያስፈልጋል። ስፔሰር የለንም ለሚሉ፣ በኬፕ ታውን ሐኪሞች በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ደስ ያሰኛል፦ ቂጡ በመንፊያው አፍ ልክ ተቀዶ ዙሪያው በሙጫ የታሸገ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ከፋብሪካው ስፔሰር እኩል ሠርቷል። ልጁ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ገጥሞ ይተነፍሳል። በረመዳን የሚጾም ታዳጊም በእንዲህ ያለ ሰዓት ታማሚ ነውና መድኃኒቱ ለመግሪብ አይቆይም።

በሐኪም ቤት ኦክስጅንና ፕሬድኒሶሎን ይሰጠዋል። ፕሬድኒሶሎን በኪሎ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ነው፤ 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ15 እስከ 30 መሆኑ ነው። ለመሥራት ሰዓታት ስለሚፈጅ ቶሎ ይጀመራል። ካልበቃም ማግኒዥየም ሰልፌት በደም ሥር ይሰጣል።

አሚኖፊሊን መርፌ ግን የተለየ ጥንቃቄ ይሻል፤ በሚያድነውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ልጁ ቀድሞ ቲዮፊሊን ያለበት ክኒን ውጦ ከሆነ በላዩ መርፌው ሲጨመር ልቡ ሊዛባ፣ ሊያንዘፈዝፈውም ይችላል። የክኒኑ ስም ከጠፋችሁ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ።