የመጽሐፍ ዳኛው ሰፊው አንባቢ ነው

የአንድ መጽሐፍ ሥራ ከማተሚያ ቤት ሲወጣ አያበቃም፤ የሚሟላው በአንባቢው ፍርድ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) እንመልከት። አንዱ አንባቢ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ብቻ ያያል፤ ሌላው በፊታውራሪ መሸሻና በገበሬዎቹ መካከል ያለውን የመደብ ቅራኔ ይመዝናል። መጽሐፉ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፣ ፊደል ያልቆጠረው ወዛደር ሳይቀር የክርክሩ ተካፋይ ለመሆን በቅቷል።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»፣ ጥሬ ሀብቱን እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ከድህነት እንደማይወጣ አስረድተዋል። ይህን ሐሳብ በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት ቀጥቅጦ አዲስ ዕቃ ከሚያወጣው ሠራተኛ የበለጠ ማን ሊመዝነው ይችላል?

ይህ የአንባቢ ፍርድ ሲነጠቅ የሚደርሰውን ጥፋትም ታሪክ መዝግቦታል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ታገደ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ደብዛቸው ጠፋ። አንባቢው «ይህ ልክ ነው፣ ይህ ስሕተት ነው» የማለት መብቱን ተነፈገ።

ስለሆነም የመርካቶ የሰፈር ማኅበራትና ዕድሮች ከስብሰባቸው አንዲቷን ሰዓት ለመጽሐፍ ክርክር ይመድቡ። ሳይነበብ የሚወገዝም ሆነ የሚወደስ መጽሐፍ ሊኖር አይገባም!