በአረንጓዴው ደብተር ሁለት ፎቶ

የወንድሜ ቤት የመሬት ደብተር የሚቀመጠው ከጤፍ ጎታው ጀርባ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው። ሽፋኑ አረንጓዴ ነው። ሲገለጥ ባልና ሚስቱ በጉርድ ፎቶ ጎን ለጎን ይታያሉ። እሱ ጋቢውን አጣፍቶ ቆሟል፤ እሷ የተቆጣች ትመስላለች። «ፎቶ አንሺው ሻሼን ሳላስተካክል ነው የቀደመኝ» ትላለች፣ ሃያ ዓመት አልፎትም።

እታለም ነው የምላት። የሚኖሩት ምሥራቅ ጎጃም፣ ጎዛምን ውስጥ ነው፤ እኔ ከዚያ ቤት ወጥቼ አዲስ አበባ የቀረሁ ታናሽ ነኝ። «የአባቴ መሬት» ስል የከተማ ጓደኞቼ የሚሸጥ ርስት ያለኝ ይመስላቸዋል። አይሸጥም። ይወረሳል፣ በስጦታ ይተላለፋል፣ ለተወሰነ ጊዜ ይከራያል።

አያቴ ርስተኛ ነበር። ርስት በእኛ አገር ከአቅኚው አባት ጀምሮ በወንድም በሴትም ዘር ተቆጥሮ የሚጠየቅ ነው፤ መጠየቅ ግን ማግኘት ስላልሆነ ዕድሜው በሙግት አለቀ ይባላል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሙግቱንም ርስቱንም አንድ ላይ ዘጋው። አባቴ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ሆነ፤ በ1989 የመሬት ሽግሽግ ሲመጣ ያችው ጸሐፊነት «ቢሮክራት» አሰኝታው አራት ጥማድ ብቻ ቀረለት፤ አንድ ሄክታር ገደማ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ጎጆ የወጣው ወንድሜ ደግሞ ሁለት ጥማድ ደረሰው። ከአባት የተቀነሰው ለልጅ የተሰጠ ይመስል አባቴ ሲስቅበት ኖረ። ደብተሩ የመጣው ከ1995 ወዲህ ነው። አባቴን በእርጅናው ጊዜ ያጎረሱትም ያጠቡትም ወንድሜና እታለም ስለነበሩ አራቱንም ጥማድ በስጦታ አዛወረላቸው።

ሥራውን በሐምሌ ያላየ ጤፍ በራሱ የሚበቅል ይመስለዋል። ዘሩ ደቃቅ ነው፤ ሺህ ፍሬው ተመዝኖ ግማሽ ግራም አይሞላም። ስለዚህ መሬቱ ተገምሶ፣ ታይሞ፣ ተሰልሶ፣ ከዚያም በላይ ታርሶ ይለሰልሳል። በመዝሪያው ቀን ከብቱ ተነድቶ እርጥቡን ማሳ ይረግጠዋል። ያልተረገጠ ማሳ ዘሩን ውጦ ያስቀረዋል። ከብቱን የምትነዳው እታለም ናት፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ። ወንድሜ ከኋላዋ ይዘራል። ያን ቀን ብዙ አይነጋገሩም፤ እሷ «በዚህ ሳሳ» ስትል ብቻ እጁን ይመልሳል።

የዘሩም ነገር በእሷ በኩል ያልፋል። በ1998 የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው ጤፍ መንደሩ ሲደርስ ወንድሜ ሁሉንም ማሳ በእሱ ሊዘራ ነበር። እሷ አንድ ጥማድ ለአሮጌው ዘር አስቀረች። እስካሁንም ይዘሩታል፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት እንጀራውን አቀረበችልኝ።

ያጣላቸው አንድ ነገር ባሕር ዛፍ ነው። የታችኛው ማሳ አፈር ኮምጥጧል። የደጋው ዝናብ ለዘመናት ጠቃሚውን ከአፈሩ አጥቦ ወስዶታል፤ ገብስ ዘርተውበት ቢጫ ሆኖ ቀረ። ወንድሜ ዛፍ ተክሎ መገላገል ፈለገ። እሷ ኖራ ይሞከር አለች፤ በሄክታር በአሥር ኩንታሎች የሚቆጠር ነጭ ዱቄት በአህያ ተጭኖ፣ በእጅ ተበትኖ፣ በማረሻ ይገለበጣል። ማብራሪያ ሲሰጥ የግብርና ባለሙያው ወደ ወንድሜ ብቻ እያየ ተናገረ። ኩንታሉን የተሸከመችው እሷ ነበረች። ዘንድሮ ገብሱ አረንጓዴ ነው፤ ወንድሜ ግን በዳር በዳሩ አሥራ ሁለት ባሕር ዛፍ መትከሉን አልተወም።

ባለፈው ጥር አምስት ወንድማማችና እህትማማች ተሰብስበን ሳለ አንዳችን የአባታችንን ድርሻ አነሳ። እኔ አይደለሁም፣ ዝም ያልኩት ግን እኔ ነኝ። እታለም ጠላ እየቀዳች «አራት ጥማድ ለአምስት ብትካፈሉት በሬው የሚዞርበት ያጣል» አለች። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ወደ በሬ ዋጋ ዞረ።

ማታ የመጨረሻዋ ልጃቸው፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ደብተሩን በኩራዝ አነበበችልን፤ ወላጆቿ ፊደል አልቆጠሩም። የአዋሳኞቹን ስም በሰሜን፣ በደቡብ እያለች ስትጠራ ወንድሜ ከመደቡ ላይ ያርማታል። «እሱ ሞቷል፤ አሁን ልጁ ነው የሚያርሰው።» ቀጠለች። «እሱም ሞቷል። ሚስቱ ናት።»