መኪናሽ አልተበላሸም

ጠጋ በይማ። ይህ ወሬ ከመጋረጃው ጀርባ ብቻ ነው የሚወራው።

አል አስማኽን ታውቂዋለሽ። ከሱቅ ዋቂፍ በእግር የሚደረስበት፣ በአሮጌ ግቢ ቤቶች መሀል ጠባብ መንገድ የሚሹለከለክበት የድሮው የዶሃ ሰፈር። እዚያ አካባቢ ካሉት ስፌት ቤቶች አንዱ ጋ ጎራ በይ። ከፊት መስታወት፣ የተሰቀለ ዓባያ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል ያደረገ ሰፊ። «ነገ ነይ» ይልሻል። በነጋታው ልብስሽ ቀጥ ብሎ፣ ጠርዙ ተስተካክሎ ይጠብቅሻል። «እጁ የተባረከ ነው» ብለሽ ከፍለሽ ትወጫለሽ።

እጁስ የተባረከ ነው፤ አልከራከርም። ግን መጋረጃውን ትንሽ ገለጥ ላድርግልሽ።

ከኋላ ያለው ሦስት ነገር ነው። ቀጥ ያለ ስፌት የሚሰፋ ትልቅ መኪና አለ፣ ጠርዝ የሚይዝ ኦቨርሎክ አለ፣ ካውያ አለ። ሥራውን የሚያሳምረው የቱ ይመስልሻል?

ካውያው!

ጎበዝ ሰፊ አንድ መስመር በሰፋ ቁጥር ይተኩሳል። መጀመሪያ ስፌቱን እንዳለ ይተኩሰዋል፣ ከዚያ ለሁለት ከፍቶ ይተኩሰዋል፣ ከዚያ ነው ወደሚቀጥለው የሚያልፈው። አንቺ ቤት የሰፋሽው «የቤት ስፌት» መስሎ የሚያስታውቀው እጅሽ ስላልቻለ አይደለም። ሁሉን ጨርሰሽ፣ መጨረሻ ላይ አንዴ ስለምትተኩሺ ነው። ገጣጥመሽ ከዘጋሽው በኋላ ካውያው የውስጡን ስፌት የት ያገኘዋል?

ሌላም አለ። የሰፊውን ፍጥነት አይተሽ አትቅኚ። የሱቁ መኪና የፋብሪካ ነው፤ ጁኪ ዲዲኤል 8700 የሚባለው ዓይነት በደቂቃ እስከ 5,500 ስፌት ይሄዳል። የቤቷ መኪና ብዙውን ጊዜ ከ1,000 ብዙም አትርቅም። ለጀማሪ ደግሞ ይህ ጸጋ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ክር የሚባል አታስገቢ። መስመር ያለው የደብተር ወረቀት ከመርፌው ሥር አድርጊና መስመሩን ተከተዪ። ቀዳዳዎቹ መስመሩ ላይ ካረፉ እግርሽ ፔዳሉን ለምዶታል። ወረቀት መርፌ ያደንዛል፤ ጨርቅ ስትጀምሪ ቀይሪው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ስንቱ ሰው መካኒክ ጋ የከፈለበት ነው።

ትሰፊያለሽ፣ ትሰፊያለሽ፣ ድንገት መኪናው ቅርቅር ይላል። ጨርቁን ስትገለብጪው ከሥሩ ክሩ ተተብትቦ ተከምሯል። «ተበላሸ!» ይባላል። ሁሉም የታችኛውን ክር፣ ቦቢኑን ይከሳል። ቦቢኑ ግን ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። ጥፋቱ ያለው ከላይ ነው።

ስሚኝ። የላይኛውን ክር ስታስገቢ፣ ጨርቁን የሚጫነው እግር ወደ ላይ መነሳት አለበት። እግሩ ሲነሳ ውስጥ ያሉት ክር የሚጨብጡ ክብ ብረቶች ላላ ይላሉ፤ ክሩ መሀላቸው ይገባል። እግሩ ሲወርድ ግጥም አድርገው ይይዙታል። እግሩን አውርደሽ ክር ካስገባሽ ግን ክሩ ሳይገባ ውጭ ይቀራል፤ ያዥ የለውም፤ ታች ወርዶ ይከመራል። በቃ፣ «ብልሽቱ» ይኸው ነው። ማረጋገጫም አለው፦ እግሩን አንስተሽ ክሩን ሳቢው፣ በቀላሉ ይመጣል። አውርደሽ ሳቢው፣ እምቢ ካለሽ በትክክል ገብቷል። ያኔም ካስቸገረሽ፣ ከላይ ወደ ላይና ወደ ታች የምትዘለውን ብረት እይ። ክሩ ከእሷ ወጥቶ ይሆናል።

መኪናው የሚሠራው ሁለቱን ክሮች ጨርቁ መሀል ላይ በማቆላለፍ ስለሆነ፣ አንዱ ሲለግም ሁለቱም ይበላሻሉ። ኢሌያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1846 አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት መብት ያወጣበት መኪና የሚሠራውም እንዲሁ ነበር፤ ቀዳዳው ወደ ጫፉ የወረደ መርፌ፣ ከወዲያ በኩል ደግሞ ሁለተኛ ክር።

መርፌው ላይ የተጻፉት ሁለት ቁጥሮችስ? 90/14 ሲል ሁለት ነገር አይደለም፤ ያው ውፍረት በአውሮፓና በአሜሪካ አቆጣጠር ነው። 90 ማለት 0.9 ሚሊ ሜትር። ለስስ ጨርቅ 70/10፣ ለተራ ጥጥ 80/12 ወይም 90/14፣ ለጂንስ 100/16 ያዢ። የደነዘዘ መርፌ ደግሞ ራሱ ይናገራል፤ ጨርቁን ሲወጋ ጧ፣ ጧ ይላል። ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ አልፈሽ ካወቅሽ፣ ያ ሁሉ ድምፅ ለሰፊው ጆሮ ምን ያህል ወሬ እንደሚያቀብል ይገባሻል።

የመጀመሪያ ሥራሽ ምን ይሁን? እዚህ ዶሃ መልሱ ግልጽ ነው፤ ዓባያ ማሳጠር። 54፣ 56፣ 58 የሚለው ቁጥር ከትከሻ እስከ ታች ያለው ርዝመት በኢንች ነው። የምታሳጥሪላት ሴት የምትሄድበትን ጫማ አድርጋ ትቁምልሽ። ከዚያ ሰፊዎቹ የሚያደርጉትን አድርጊ። ዙሪያውን ቆርጠው ያወጡትን ብጣሽ አይጥሉትም። መጀመሪያ የሚሰፉት እሱን ነው! ክሩ ላላ፣ ጠበቀ፣ ጨርቁ ተኮማተረ፣ ሁሉንም እዚያ ላይ ያዩታል። የደንበኛው ልብስ ላይ የሚሞክር ሰፊ የለም። ስትሰፊ ጨርቁን አትጎትቺ፤ ከሥር ያሉት ጥርሶች ራሳቸው ይወስዱታል፤ ያንቺ ሥራ መምራት ብቻ ነው። አደራ፣ ለራስሽና ለጓደኛ እንጂ በክፍያ ለሰው መስፋት እዚህ አገር ፈቃድ ይጠይቃል።

መኪናውን ገና ካልገዛሽ ደግሞ ሁለት ነገር ላንሾካሹክልሽ። ከጀርባው ወይም ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቢ። 220–240 ቮልት የሚል ከሆነ ነገ አገር ቤት ይዘሽው ብትገቢም ይሠራል፤ የሚለየው መሰኪያው ብቻ ነው፤ እዚህ ሦስት ጠፍጣፋ፣ እኛ ጋ ሁለት ድቡልቡል። 110 ወይም 120 ብቻ የሚል ከሆነ ይቅርብሽ፤ ይቃጠላል።

ሁለተኛው የሻጮች ምስጢር ነው። መኪናውን ሲያሳዩሽ ጨርቁን የሚመርጡት እነሱ ናቸው፤ ሁልጊዜም ደረቅ ያለ ጥጥ፣ እጥፍ ተደርጎ። እዚያ ላይ የማይሰፋ መኪና የለም! አንቺ ቦርሳሽ ውስጥ ብጣሽ ሺፎንና አራት እጥፍ ጂንስ ይዘሽ ሂጂ። መጀመሪያ መዘውሩን በእጅሽ ወደ ራስሽ እያዞርሽ፣ ከዚያ በፔዳሉ ቀስ ብለሽ ሁለቱንም ስፊባቸው። ሺፎኑን ካልዋጠ፣ ጂንሱ ላይ ካልቆመ፣ ያኔ ስለ ዋጋ ማውራት ጀምሪ።