ወንዝን ከኮረብታው ላይ ስለ ማጽዳት

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ ሁምቦን ሲያልፍ የአባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ ይታየዋል። ቀለሙ ወንዞች ከደጋ ጠርገው ያወረዱት ደቃቅ አፈር ነው። ስለዚህ ወንዝ ለማጽዳት የሚነሣ ሕዝብ ቆሻሻውን ከዳር ቢለቅም መልካም ነው፤ ነገር ግን ዋናው እድፍ የገበሬው ማሳ መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል።

ከዳር ብቻ የሚደረግ ድካም እንዴት እንደሚሆን በጣና ታይቷል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ ከታወቀ በኋላ፣ ብዙ ሕዝብ ያለ ደመወዝ ውሃ ውስጥ እየገባ በእጁ ነቀለው። ትጋቱ የሚመሰገን ነው፤ ሆኖም የአረሙ ዘር በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ከእርሻ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያም ይቀልበዋልና የተነቀለበት ስፍራ እንደ ገና ለበሰ።

የሁምቦ ሕዝብ ግን የዠመረው ከላይ ነው። በዚያው አቆጣጠር ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ዛፉ ተጨፍጭፎ ኮረብታው ተራቍቶ ነበር፤ ክረምት በመጣ ቍጥር ጎርፉ በታችኛው ማሳ ላይ ይወርድ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ወርልድ ቪዥን ከገበሬዎቹ ጋራ ሆኖ 2,728 ሄክታር፣ ማለት 68 ጋሻ ያህል ኮረብታ፣ ከልሎ ማስጠበቅ ዠመረ። ብልሃቱ ቀላል ነው። ዛፉ ቢቈረጥም ሥሩ ሕያው ነበርና፣ ከጉቶው ከሚያቈጠቍጠው ብርቱ ብርቱው ይመረጣል፤ የቀረው ይመለመላል፤ ከብት እንዳይገባ ይጠበቃል፤ ሣሩም ታጭዶ ለከብቱ ወደ ቤት ይወሰዳል። ከ90 ከመቶ የሚበልጠው ስፍራ በዚህ አኳኋን ለመለመ። ልማትን በተተከለ ችግኝ ቍጥር ብቻ ለሚመዝኑ ሹማምንት ይህ ሳይደንቃቸው አይቀርም።

ከባዱ ነገር ሌላ ነበር። ገበሬው ዛፉ ባደገ ጊዜ መሬቱ የሚወሰድበት መስሎት ሠጋ፤ መሬት በየዘመኑ እጅ ሲለውጥ አይቷልና አይፈረድበትም። ሥጋቱም በምክር ብቻ አልተወገደም፤ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው በደኑ የመጠቀም መብታቸው በምስክር ወረቀት ተረጋገጠላቸው። ከዚህ በኋላ ጠባቂው ራሱ ባለቤቱ ሆነ።

በ2009 ዓ.ም. ሥራው በተባበሩት መንግሥታት ደንብ መሠረት በመዝገብ ገባ፤ ዛፉ ከአየር ከሚስበው የከሰል ጋዝም የዓለም ባንክ 165,000 ቶን ሊገዛ ተዋዋለ። የታችኛው አገር ገበሬዎች ጎርፉና ደለሉ እንደ ቀነሰላቸው ይመሰክራሉ፤ ከሽያጩ በተገኘው ገንዘብም ማኅበራቱ የእህል ጎተራና ወፍጮ አቆሙ።