ውኃውን የሚያስወጣው ቶርኖ

በጅግጅጋና በዙሪያዋ ውኃ ወይ ከሰማይ ወይ ከከርሰ ምድር ነው። ዝናብ ሲጥል የውኃ ማጠራቀሚያው ቢርካ ይሞላል፤ ዝናቡ ሲቀር ሰውም ከብቱም ፓምፕ ይጠብቃል። እስቲ ከጅግጅጋ ወጣ ብላ ባለችው ቀብሪ በያህ ላይ አንድ የውኃ መግፊያ ፓምፕ ሲያጓራ ሰንብቶ ቀጥ አለ እንበል። መካኒኩ ሲፈታው ኩሽኔታው አልቋል። ጎኑ ላይ 6205 የሚል ቁጥር አለ፤ አዲስ ተገዛ። አዲሱን ሻፍቱ ላይ ሲያደርጉት ያለ መዶሻ፣ ያለ ግፊት ሸርተት ብሎ ገባ። ይሄኔ መካኒኩ «ቶርኖ ቤት መሄድ አለበት» አለ። በቀላሉ የገባ ዕቃ ምን ጎድሎት ነው?

መልሱ ቁጥሩ ውስጥ አለ። ከ04 ጀምሮ የኩሽኔታውን የመጨረሻ ሁለት አሃዞች በ5 አባዙ፤ የውስጥ ቀዳዳውን ስፋት በሚሊሜትር ታገኛላችሁ። 05 ሲባዛ በ5፣ 25 ሚሊሜትር። ሻፍቱ ግን ልክ 25 መሆን የለበትም። እንዲህ ላለ ሥራ የተለመደው ልክ ከ25.002 እስከ 25.015 ሚሊሜትር ነው፤ ማለትም ከቀዳዳው በጥቂቱ ይወፍራል። ኩሽኔታው ተገፍቶ ይገባል፤ የውስጥ ቀለበቱም ከሻፍቱ ጋር ተጣብቆ አብሮት ይዞራል። የሰው ፀጉር ውፍረት 0.07 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ለባለሙያው የተፈቀደለት መላወሻ የዚያ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። የእኛ ኩሽኔታ ሲነክስ የውስጥ ቀለበቱ ቆመ፤ ሻፍቱ ግን በቀለበቱ ውስጥ መዞሩን ቀጠለ፤ ተፋተገና ወደ 24.8 ወረደ። አዲሱን ኩሽኔታ እንዲሁ ብናስገባው ያው ታሪክ ይደገማል። አንዳንዱ ሻፍቱን በፑንቶ ነካ ነካ አድርጎ ሸካራ ያደርገውና «ያዘ» ይላል። ኩሽኔታው ያን ጊዜ የተቀመጠው በጥቂት የብረት ጉብታዎች ላይ ነው፤ ጉብታዎቹ ሲደፈጠጡ እንደገና ይላላል።

ብረትን ቅርጽ ለማስያዝ ብዙ መንገድ አለ፦ አቅልጦ ማፍሰስ፣ አግሎ መቀጥቀጥ፣ ላሜራውን ማጠፍ፣ መበየድ። እነዚህ ሁሉ ቅርጹን ይሰጡናል፤ የፀጉር አምስተኛ የሆነ ልክ ግን እምብዛም አይሰጡንም። ለእሱ ከወፍራሙ ብረት ላይ ትርፉን እየላጡ ወደሚፈለገው ልክ መውረድ ያስፈልጋል። ማሽኒንግ የሚባለው ይኸው መላጥ ነው፤ የመላጫዎቹ ሁሉ ታላቅ ደግሞ ቶርኖ ነው።

የቶርኖ አሠራር ሲያዩት ቀላል ነው። ሥራው፣ ማለትም የሚላጠው ብረት፣ ቸክ በሚባል መያዣ ታንቆ ይዞራል። መቁረጫው አይዞርም፤ በጋሪ ላይ ተጭኖ በማሽኑ አልጋ ሐዲድ ላይ ከሻፍቱ ጎን ይንሸራተታል። አሁን ልብ በሉ፦ ሻፍቱን ክብ የሚያደርገው የባለሙያው እጅ አይደለም፤ የቸኩ አዟዟር ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሚያደርገውም የአልጋው ቀጥታነት ነው። አልጋው ከጎበጠ የሻፍቱ ጎንም ይጎብጣል፤ አልጋው ከመዞሪያው ጋር ትይዩ ካልሆነ ሻፍቱ ወደ አንድ ጫፍ እየቀጠነ ይሄዳል። ቶርኖ የራሱን ልክ ለሥራው ያወርሳል።

ወደ ፓምፓችን እንመለስ። ሻፍቱ ሦስት አማራጭ አለው፦ የተበላውን ቦታ በብየዳ ሞልቶ መልሶ መላጥ፣ ቀጭን እጀታ ማልበስ፣ ወይም ከአዲስ ብረት ሻፍቱን እንደገና ማውጣት። ብየዳው ፈጣን ነው፤ ግን ሙቀቱ ሻፍቱን ሊያጣምመው ስለሚችል ከመላጡ በፊት ቀጥ ማለቱ መታየት አለበት። ከዚያ ባለሙያው መቁረጫውን ጥቂት በጥቂት ወደ ውስጥ ያስጠጋል። እዚህ ጀማሪ የሚወድቅበት ወጥመድ አለ፤ መቁረጫው 0.1 ሚሊሜትር ሲገባ ብረቱ በዙሪያው ሁሉ ስለሚላጥ ከውፍረቱ የሚቀነሰው 0.2 ነው።

ቶሎ ልላጥ ብሎ ማሽኑን ማስጮህም አያዋጣም። ለተራ ብረትና ሃይ ስፒድ ስቲል ለሚባለው መቁረጫ የሚመከረው ፍጥነት በደቂቃ 30 ሜትር አካባቢ ነው፤ ይህም በመቁረጫው ፊት የሚያልፈው ብረት ርዝመት ማለት ነው። የ25 ሚሊሜትር ሻፍት ዙሪያው 78.5 ሚሊሜትር ስለሆነ በደቂቃ 380 ጊዜ ያህል ይዞራል። በዚያው ቶርኖ 400 ሚሊሜትር የሆነ የከባድ መኪና የፍሬን ታምቡር ብታስሩ ግን ለዚሁ ፍጥነት 24 ዙር ብቻ ይበቃዋል። ወፍራም ሥራ ቀስ ብሎ፣ ቀጭን ሥራ ቶሎ ቶሎ የሚዞረው ለዚህ ነው።

ፍጥነት ይህን ያህል የሚያሳስበው በሙቀቱ ምክንያት ነው። መቁረጫው ብረቱን አይሰነጥቅም፤ ከፊቱ ያለውን ብረት ገፍቶ ተንሸራትቶ እንዲቆረስ ያደርገዋል። ያ መቆረስ ብርቱ ሙቀት ያወጣል፤ አብዛኛውን ሙቀት ተልጦ የሚወድቀው ፍቅፋቂ ይዞት ይሄዳል። ፍቅፋቂው ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ በጣም ግሏል ማለት ነው። ካርባይድ ለሚባለው ጠንካራ መቁረጫ ይህ ምንም አይደለም፤ ለሃይ ስፒድ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ፓሪስ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ፍሬድሪክ ቴይለርና ማውንሰል ዋይት ያሠሩት መቁረጫ ጫፉ ቀልቶ እያለ ብረት ሲልጥ የታየ ጊዜ ባለ ፋብሪካዎች የተገረሙት፣ ከዚያ በፊት የነበረው የመቁረጫ ብረት ገና ሳይቀላ ይለሰልስ ስለነበር ነው።

ሙቀቱ ልኬቱንም ያሳስታል። ብረት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በየሜትሩ 0.012 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ከቶርኖ ላይ ትኩሱን የለካነው ሻፍት ከአካባቢው በ40 ዲግሪ ቢግል ውፍረቱ በ0.012 ሚሊሜትር ያብጣል። የተፈቀደልን መላወሻ በጠቅላላ 0.013 ነበር! ትኩሱ 25.010 ተነበበና «ደረሰ» ተባለ፤ ሲበርድ 24.998 ሆኖ ይገኛል፤ ድካሙ ሁሉ መና ቀረ። ጎበዝ ባለሙያ ከመጨረሻው መላጥ በፊት ሥራው እስኪበርድ የሚጠብቀው ሰንፎ አይደለም። ዓለም ለልኬት የተስማማበት ሙቀት 20 ዲግሪ ነው። ጅግጅጋ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ለዚህ ይቀርባል፤ በጅቡቲ ድንበር ላይ ያለችው ደወሌ ግን ቀኑን ሙሉ ትጋያለች። ሻፍትና ኩሽኔታ ሁለቱም ብረት ስለሆኑ አብረው ያብጣሉ፤ ብዙም ችግር የለም። ፒስቶን ግን ብዙውን ጊዜ ከአሉሚኒየም ነው፤ የብረትን ሁለት እጥፍ ገደማ ያብጣል። ሞተር የሚወቅር ሰው በሲሊንደሩ ካናና በፒስቶኑ መካከል ክፍተት የሚተወው ለዚህ ነው።

ሌሎቹን ማሽኖች ባጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ትራፓኖ ይበሳል። ፍሬዛ የቶርኖ ተቃራኒ ነው፤ መቁረጫው ይዞራል፣ ሥራው ይንሸራተታል፤ ጠፍጣፋ ፊት፣ የማርሽ ጥርስና ቻቬታ የሚገባበት ቦይ የሚወጣው በእሱ ነው። የሞረዱ ማሽን ደግሞ በሚሽከረከር የድንጋይ ጎማ እጅግ ጠንካራ ብረት ይፈጫል፤ የሞተር ኮሎ (ክራንክ ሻፍት) የሚስተካከለው በዚህ ነው። ሲኤንሲ የሚባለው ያው ቶርኖና ፍሬዛ ነው፤ ልዩነቱ ጋሪውን የሚነዳው ኮምፒውተር መሆኑ ነው። የዚህ ዓይነቱ ቁጥር አንባቢ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካ ውስጥ በኤምአይቲ ለሕዝብ ታየ። ፍቅፋቂው፣ ሙቀቱና እብጠቱ ግን አልተለወጡም።

የጅግጅጋ መንገድ ለቶርኖ ቤት ሌላም ሥራ ያመጣል። ከሐረር የሚመጣ መኪና ከባቢሌ በኋላ ወደ ዳካታ ሸለቆ ይወርዳል፤ የካራማራን ተራራ ይወጣና ወደ ጅግጅጋ ሜዳ ይወርዳል። ከድንበር ከተማዋ ከቶጎ ውጫሌ ጭኖ የሚመለሰው ያንኑ በተቃራኒው ያደርጋል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ፍሬን ይግላል፤ ታምቡሩ ይቦረቦራል፣ ክብነቱም ይጠፋል። ቶርኖ ላይ ሲላጥ ለስልሶ ይወጣል፤ በተላጠ ቁጥር ግን ይሳሳል። ብዙ ታምቡሮች ላይ የመጨረሻው የሚፈቀድ ስፋት በቁጥር ተጽፏል። ከዚያ ያለፈውን «አንዴ ብቻ ላጥልኝ» የሚል ሾፌር ካራማራ ላይ ከነጭነቱ ዕጣ ይጣጣላል።

ከጅግጅጋ በስተሰሜን፣ በሲቲ ዞን በኩል፣ የዚህ ሙያ ትልቁ ትምህርት ቤት ባቡሩ ነበር። ከጅቡቲ የተነሳው ባለ አንድ ሜትር ሐዲድ በደወሌ፣ በአይሻ፣ በአዲጋላና በሽንሌ አልፎ እ.ኤ.አ. በ1902 መገባደጃ ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ሎኮሞቲቭ አዲጋላ ላይ ቢሰበር መለዋወጫው የነበረው በባሕር ማዶ ነው። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ ቶርኖው፣ ፍሬዛውና ማቅለጫው ያለበት ወርክሾፕ ቆመ፤ ባለሙያዎቹም የጎደለውን ራሳቸው መሥራት ለመዱ። የባቡር ጎማ ተራ ክብ አይደለም፤ ገጽታው ወደ አንድ ወገን ዘቅዘቅ ያለ ነው፤ ባቡሩ በሐዲዱ መካከል ራሱን የሚያቃናው በዚህ ዝቅዝቅታ ነው። ሲበላ በትልቅ ቶርኖ እንደገና ይላጣል። በእንፋሎት ባቡሮች ዘመን ደግሞ ጎማው የብረት ቀለበት ይለብስ ነበር። ስፋቱ 900 ሚሊሜትር የሆነ ቀለበት በ200 ዲግሪ ሲግል ከ2 ሚሊሜትር በላይ ይሰፋል፤ በዚያ ሰዓት ይጠለቃል፤ ሲበርድ አንቆ ይይዛል፤ ቡሎን አያስፈልገውም። ሻፍታችንን ያሳሳተው ያው እብጠት እዚህ ባለሙያ እጅ ገብቶ ሠራተኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲዱ 1,435 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ ጎማው ግን በዚያው ሕግ ይበላል።

አሁን ወደምወደው ጥያቄ መጣን። የሶማሌ ልጅ ገና በሕፃንነቱ አብቲርሲ ይማራል፤ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ ሐረጉን ወደ ላይ ይቆጥራል። ቶርኖም እንደዚሁ ነው። የቀብሪ በያህ ሻፍት ልኩን የወረሰው ከጅግጅጋ ቶርኖ፣ ያ ቶርኖ አልጋው ከተሞረደበት ፋብሪካ ማሽን፣ ያም ማሽን ከሌላ ማሽን። ወደ ላይ ብንቆጥር እንግሊዝ አገር እንደርሳለን። ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ፓተንት ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1769 ነው፤ ሲሊንደሩ ክብ አልሆን እያለ እንፋሎቱ ያመልጥ ነበር። ያዳነው ጆን ዊልኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1775 አካባቢ የሠራው መቦርቦሪያ ነው፤ የመቦርቦሪያው ዘንግ በሁለቱም ጫፍ የተደገፈ ስለነበር አላዘመመም። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1800 አካባቢ ሄንሪ ሞድስሌይ የቡሎን ጥርስ የሚያወጣ ትክክለኛ ቶርኖ ሠራ፤ እሱ ዘንድ የሠራው ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 የቡሎን ጥርስ በአንድ ልክ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ።

ታዲያ የሐረጉ መጀመሪያ ማን ነው? ቀጥ ያለ ነገር ሁሉ ከቀጥ ያለ ነገር ከወረሰ፣ የመጀመሪያው ቀጥታ ከየት መጣ? መልሱ ሦስት ሻካራ የብረት ጠረጴዛዎች ናቸው። ሁለቱን ቀለም ቀብታችሁ ብታፋትጓቸውና የነኩበትን እየፋቃችሁ ብታስተካክሉ ፍጹም ይገጥማሉ፤ ግን አንዱ ጎድጓዳ፣ ሌላው እብጥ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ሲጨመር ማታለሉ ያበቃል። አንደኛው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው፣ ሦስተኛው ከአንደኛው ጋር በየትኛውም አቅጣጫ ሁሉም እንዲገጥሙ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ሦስቱም ዝርግ መሆን። ትክክለኛነት ያለ ምንም ትክክለኛ መሣሪያ፣ በማስተያየት ብቻ ተወለደ!

ይህ ለእኛ የሚጠቅም ትምህርት አለው። ውርሱ ወደ ታች ሲወርድ ይበላሻል። በጅግጅጋ ሜዳ በነፋስ የሚነሳው አቧራ አልጋው ላይ ካለው ዘይት ጋር ሲቀላቀል ሞረድ ይሆናል፤ ጋሪው አብዝቶ የሚመላለሰው ቸኩ አጠገብ ስለሆነ አልጋው እዚያ ይበላል። ጉዳቱን ለማወቅ ከውጭ ባለሙያ ማስመጣት አያስፈልግም። አንድ ዘንግ ሳይደገፍ ታስሮ በስሱ ይላጥ፤ ሁለቱ ጫፎቹ በማይክሮሜትር ይለኩ፤ ልዩነቱ የቶርኖው የራሱ ጉድለት ነው። ጉድለቱን የሚያውቅ ባለሙያ አሮጌ ማሽን ይዞም ትክክለኛ ሥራ ያወጣል።

ቶርኖ ቤት ከሄዳችሁ እንግዲህ እነዚህን ያዙ። ሻፍቱን ብቻ ሳይሆን የሚገባበትን ኩሽኔታም ውሰዱ፤ ልክ የሚወሰነው በሁለቱ መካከል ነውና። ባለሙያው የሚጠቀመው ብረት ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ፤ ለፌሮ የሚሆን ብረት ለፓምፕ ሻፍት አይሆንም። ቁሙ ሲባል ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ሽርጥ፣ ሻርፕና ጓንት በሚዞር ቸክ አጠገብ ቦታ የላቸውም። በመጨረሻም «የለካኸው ከበረደ በኋላ ነው?» በሉት። ሙያውን የሚያውቅ ሰው በዚህ ጥያቄ አይቆጣም፤ ማይክሮሜትሩን አቀብሎ «ራሳችሁ አንብቡት» ይላችኋል።