ቡድኑ ሲመለስ በሽተኛው በማን እጅ ይቀራል? የክርስቲያን ሕክምና ሚሲዮን ዳሰሳ

በሰኔና በሐምሌ ወራት አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሱ ቡድኖች መድኃኒት፣ ጓንትና መነጽር የታጨቀባቸውን ሻንጣዎች ይዘው ከአሜሪካ ከተሞች ወደ ሄይቲ፣ ጓቲማላ፣ ኬንያና ኢትዮጵያ ይበርራሉ። የሃይማኖት ሶሲዮሎጂ ምሁሩ ሮበርት ውትናው ለአጭር ጊዜ የሚሲዮን አገልግሎት ከአገራቸው የሚወጡት የአሜሪካ ምእመናን በዓመት 1.6 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆኑ ገምተዋል። ሁሉም ለሕክምና የሚሄዱ አይደሉም፤ ቤት የሚሠራ አለ፣ ሕፃናት የሚያስተምር አለ። ሆኖም በማቴዎስ ወንጌል በሽተኛን የጠየቀ ክርስቶስን እንደ ጠየቀ ስለሚቆጠር፣ ሐኪምና ነርስ ያሉበት ቡድን ሁልጊዜም ልዩ ክብር ይሰጠዋል። ክብሩ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ጥያቄዬ ቡድኑ ሻንጣውን ዘግቶ ሲመለስ በሽተኛው በማን እጅ እንደሚቀር ነው። ወደ ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋው የሕክምና ሚሲዮን ታሪክ እንደሚያሳየው፣ ለዚህ ጥያቄ አስቀድመው መልስ ያዘጋጁ ሥራዎች ጸንተዋል፤ ያላዘጋጁት ከመሥራቾቻቸው ጋር ደክመዋል።

የዘመናዊው የሕክምና ሚሲዮን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከአሜሪካዊው ፒተር ፓርከር ነው። ፓርከር በሕክምናም በነገረ መለኮትም ተምሮ ቻይና ገባ፤ በ1835 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካንቶን ውስጥ የዓይን ሆስፒታል ከፈተ። የውጭ ሰው በጥርጣሬ በሚታይበት ከተማ በሞራ ተጋርዶ የኖረ ዓይን ሲበራ ያየ ሁሉ ወደ ሆስፒታሉ ጎረፈ። ፓርከር ሥራውን ለብቻው አልያዘውም፤ ቻይናውያን ወጣቶችን አጠገቡ አቁሞ ቀዶ ሕክምና አስተማረ። በ1841 የኤድንብራ የሕክምና ሚሲዮን ማኅበር ተመሠረተና ሐኪም መላክ የአብያተ ክርስቲያናት መደበኛ ሥራ እየሆነ መጣ። ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ በሁለት ቦታዎች ማየት ይቻላል። አይዳ ስከደር በ1900 ደቡብ ህንድ ቬሎር ውስጥ በአንድ አልጋ በጀመረችው ክሊኒክ ላይ በ1909 የነርሶች፣ በ1918 ደግሞ የሴቶች ሕክምና ትምህርት ቤት ጨመረችበት። ዛሬ ክርስቲያን ሜዲካል ኮሌጅ በህንዳውያን የሚመራ፣ ከአገሪቱ ታላላቅ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች አንዱ ነው። አልበርት ሽዋይትዘር በ1913 ጋቦን ላምባሬኔ ገብቶ ዕድሜውን ለበሽተኞች ሰጠ፤ የ1952ቱም የሰላም ኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በትጋቱ ከስከደር አያንስም፤ በዝናውማ እጅግ ይበልጣታል። ግን አፍሪካውያንን እንደ ታናሽ ወንድም የሚያይ ሰው ነበርና ሐኪሞች የሚያፈራ ትምህርት ቤት አልተወም።

በእኛ አገርም ሚሲዮናዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ በ1920ዎቹ ጉለሌ ላይ ሆስፒታል አሠርቷል። በ1930ዎቹ ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ዘነበወርቅ ላይ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የከፈተው ሆስፒታልም በ1965 ወደ አለርት አድጎ ከመላው አፍሪካ የመጡ ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት ማዕከል ሆነ። ከሁሉ የሚታወቀው ግን አውስትራሊያዊቷ ካትሪን ሃምሊንና ባለቤቷ ሬጂናልድ በ1959 አዲስ አበባ መጥተው የጀመሩት ሥራ ነው። የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል አዋላጅ ነርሶችን ሊያሠለጥኑ ነበር፤ በምጥ ተጎድተው ሽንታቸውን መቆጣጠር የተሳናቸውን ሴቶች ሲያዩ በዚያው ቀሩ። የፊስቱላ ሆስፒታላቸው በ1974 ተከፈተ፤ እስካሁንም ከ60 ሺህ በላይ ሴቶች ታክመውበታል። የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ራሱ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ፊኛዋ እንዲያርፍ ታካሚዋ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ የሽንት ቱቦ ገብቶላት ትተኛለች። ቱቦው ከታጠፈ ወይም ከተደፈነ ፊኛው ይሞላል፣ የተሰፋውም ይለቅቃል፤ አንዴ የከሸፈን ጥገና መድገም ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል። ስለዚህ ሽንቱ በቱቦው ጠብ ጠብ ማለቱን፣ አንሶላው ደረቅ መሆኑን ቀንም ሌሊትም የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። በሳምንቱ የሚመለስ ቀዶ ሐኪም የቱንም ያህል ቢካን ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ የምታደርገው የአገሯን ቋንቋ የምትናገረው ነርስ ናት። ሃምሊኖች ይህን ስለ ተረዱ፣ በታካሚነት የመጣችውና ትምህርት ቤት ያልገባችው ማሚቱ ጋሼ ከእነሱ ሥር ተምራ የታወቀች የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆነች። በ2007 ደግሞ ጉዳቱ ከመነሻው እንዳይደርስ የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ካትሪን በ2020 ስታርፍ የሆስፒታሉ በር አልተዘጋም።

ሚሲዮኖች ራሳቸውንም መርምረዋል። በ1964 በጀርመን ቱቢንገን ከተማ የተደረገው ምክክር፣ የአብያተ ክርስቲያናት ሕክምና በሆስፒታል ግቢ ታጥሮ መንደሩን እንደ ዘነጋ በግልጽ አነሣ። በ1968 የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት የክርስቲያን ሕክምና ኮሚሽንን አቋቋመ። በ1970 ደግሞ ራጃኒካንትና ማቤል አሮሌ የተባሉ ህንዳውያን ባልና ሚስት ሐኪሞች ጃምኬድ ውስጥ፣ ብዙዎቹ ማንበብ የማይችሉ የመንደር ሴቶችን የጤና ሠራተኞች አድርገው ማሠልጠን ጀመሩ። ከዚህ ዓይነት ሥራ የተገኘው ልምድ በኮሚሽኑ በኩል ወደ ዓለም ጤና ድርጅት ዘልቆ፣ በ1978 በአልማ አታ ለታወጀው የመሠረታዊ ጤና አጠባበቅ ሐሳብ ድርሻ አበርክቷል።

የአጭር ጊዜው ጉዞ ከዚህ ሁሉ ትምህርት ብዙ የቀሰመ አይመስለኝም። ኢቫን ኢሊች የተባለው ካህን ገና በ1968 ሜክሲኮ ውስጥ አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞችን ፊት ለፊት ተቃውሟቸው ነበር። ከ1998ቱ የሚች አውሎ ነፋስ በኋላ ሆንዱራስ ውስጥ የተሠሩ ቤቶችን ያጠናው ከርት ቨር ቢክ፣ የጉዞ ወጪው ሲደመር የውጭ ቡድኖች አንዱን ቤት በ30 ሺህ ዶላር ገደማ፣ የአገሬው ክርስቲያን ድርጅቶች ግን በ2 ሺህ ዶላር ገደማ እንደ ሠሩት አሳይቷል። በሕክምናው በኩል ችግሩ ከገንዘብ ያልፋል። የደም ግፊት የዕድሜ ልክ ክትትል ይፈልጋል፤ ለአንድ ወር የሚበቃ ክኒን በፌስታል ተቀብላ ከሰልፍ የወጣች እናት በሚቀጥለው ወር ምን ትውጣለች? የተሰጣት መድኃኒት በአካባቢዋ ጤና ጣቢያ ከሌለ፣ ካርድም ካልተጻፈላት፣ ቀጣዩ ባለሙያ ከባዶ ይጀምራል። ጊዜው ሊያልፍበት የተቃረበ መድኃኒት ከውጭ ሲጎርፍ የተቀባዩ አገር መጋዘን በማስወገድ ሥራ ይጠመዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም የሚለገስ መድኃኒት ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ እንዲቀረው የሚጠይቀው ስለዚህ ነው። በአገራቸው ቁስል እንዲሰፉ የማይፈቀድላቸው ተማሪዎች በድኻ አካል ላይ ሲለማመዱማ ነገሩ ከብክነትም ይከፋል፤ የድኻው ሥጋ ርካሽ ነው እንደ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ዛሬ የሚያቃስተው ሰው ተቋም እስኪገነባ አይጠብቅም የሚለው ነው። እውነት ነው። ላንሴት ኮሚሽን በ2015 እንደ ገለጸው አስተማማኝና አቅምን ያገናዘበ ቀዶ ሕክምና የማያገኘው ሕዝብ 5 ቢሊዮን ነው፤ አንዲት የተከፈለ ከንፈር ያላት ሕፃን በአንድ ጠዋት ሥራ ሌላ ሕይወት ልታገኝ ትችላለች። ይህን የማይመኝ ሰው የለም። ሆኖም ከ1978 ጀምሮ የሚሠራው መርሲ ሺፕስ እንኳ ሆስፒታል መርከቡን በአንድ ወደብ ለወራት አቁሞ ታካሚዎቹን ይከታተላል፣ የአገሩንም ባለሙያዎች ያሠለጥናል። ደጉ ሳምራዊም ቢሆን ቁስለኛውን በመንገድ ላይ አክሞ ብቻ አልተወውም፤ ማደሪያ ወስዶ ለባለቤቱ ገንዘብ ከፈለ፣ ተጨማሪ ወጪ ቢኖር ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ። ስብከቶቻችን ስለ መንገደኛው ብዙ ይላሉ፤ ስለ ማደሪያው ባለቤት ግን እምብዛም አያነሡም። ላይቤሪያ ውስጥ በ2014 ኢቦላ ሲገባ የኤልዋ ሚሲዮን ሆስፒታል አሜሪካውያን አገልጋዮች ታመው ወደ አገራቸው ተወሰዱ። ቀድሞ የሆስፒታሉን ጸሎት ቤት የኢቦላ ክፍል ያደረገውና እዚያው ቆይቶ ያከመው ላይቤሪያዊው ዶክተር ጄሪ ብራውን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከውጭ ይመጣል፤ ሕክምናው ሰውን ወደ እምነት መሳቢያ ማጥመጃ ነው ይላል። ይህን አቃልዬ አላልፈውም፤ መርፌውን ከስብከት በኋላ የሚሰጥ፣ ወይም ለአማኙ ቅድሚያ የሚሰጥ ክሊኒክ በሽተኛውንም ወንጌሉንም ይበድላል። ያመመው ሰው እምቢ የማለት አቅሙ የተዳከመ ነውና ሐኪሙ ሊጠነቀቅለት ይገባል። ይሁንና እምነት የአገልግሎቱ ምክንያት መሆኑና የአገልግሎቱ ዋጋ መሆኑ ይለያያሉ። ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ማንም እጁን በማይዘረጋበት ዘመን ቁስላቸውን ያጠቡት ብዙዎቹ በእምነታቸው ምክንያት የመጡ ነበሩ፤ ይህን ታሪክ መካድ ግፍ ነው።

የሠለጠነው ይሰደዳል የሚለውም ስጋት መሠረት አለው፤ ነገር ግን ሥልጠናው የት እንደሚሰጥ ለውጥ ያመጣል። በ1996 የተመሠረተው የመላ አፍሪካ ክርስቲያን ቀዶ ሐኪሞች አካዳሚ ወጣት ሐኪሞችን አምስት ዓመት የሚያሠለጥነው አፍሪካ ውስጥ ባሉ የሚሲዮን ሆስፒታሎች ነው፤ የወላይታ ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል አንዱ ነው። ከ100 በላይ ቀዶ ሐኪሞች አስመርቋል፤ አብዛኞቹም በአህጉሩ ይሠራሉ። ከዋሽንግተንና ከሚኒያፖሊስ ተነሥተው ለማገልገል ወደ አገር የሚመጡ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችና አብያተ ክርስቲያናት እዚህ ላይ ከማንም የተሻለ ዕድል አላቸው፤ አስተርጓሚ አይፈልጉም፣ ከተመለሱም በኋላ ስልክ ይደውላሉ፣ ስለ አንድ ከባድ በሽተኛ በቴሌግራም ሊማከሩ ይችላሉ። ትኬት ከመቆረጡ በፊት ግን የአገልግሎት ኮሚቴው ወደሚሄድበት ሆስፒታል ደውሎ ሜትሮኗን ምን ጎደለሽ ብሎ ይጠይቅ። የጎደለን የኦክስጅን ማሽን የሚጠግን ባለሙያ ነው ካለች፣ የቀዶ ሐኪሙ ቦታ ለእሱ ይለቀቅ።